ታይታ ነውር ያልሆነበት መንገድ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ታይታ ነውር ነው። ታይታ ማለት ሰው ራሱን ከሌላው ለይቶ ለማሳየት ሲል የሚያደርገው ማናቸውም ነገር ሲሆን፣ ከልብስ አለባበስ ጀምሮ እስከ ሳቅ አሳሳቅ ድረስ ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል፤ በዚህ ባህል ታንጾ ያደገ ሰው ደማቅ ቀለም አይደፍርም፣ በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ መንገድ ሲሄድ መሐሉን ለሌላው ትቶ ዳር ዳሩን ይይዛል፣ ታላቁን ሲያገኝ ዓይኑን ወደ መሬት ይሰብራል። ይህ ሁሉ በሠርግ ቤት፣ በሰንበቴ፣ በዕድር ስብሰባና በቤተ ክርስቲያን ቅጽር እጅግ የሚያስመሰግን ጠባይ እንደሆነ የሚከራከር የለም። ችግሩ የሚጀምረው ይኸው ጨዋ ሰው ብስክሌት ላይ የወጣ ዕለት ነው፤ ብስክሌተኛን ከሾፌር ዓይን ለመሰወር ሆን ተብሎ ደንብ ይውጣ ቢባል፣ ይህ ሰው ከአሳዳጊዎቹ የወረሰው ምግባር አንቀጽ በአንቀጽ ተገልብጦ መጽደቅ ብቻ ይቀረው ነበር።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አምባው ሜዳማ ስለሆነ ለብስክሌት የተመቸ ነው፤ ከጫጫ ወደ ከተማዋ፣ ወይም ከጠባሴ ወደ መሐል ገበያ የሚመላለስ ሰው ላቡን የሚያወጣው ከዳገቱ ይልቅ ነፋሱ ነው። የከተማዋ አመሠራረትም ቢሆን ከመታየት ጋር የተያያዘ ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዚህ ቦታ በሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩና ከተማ እንደቆረቆሩ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል፣ አንዳንድ ተመራማሪዎችም የታየው ነገር እ.ኤ.አ. በ1456 ያለፈው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ግምቱ ትክክል ከሆነ ያ ኮከብ በዛሬዎቹ የከተማዋ ብስክሌቶች ላይ አንድ ብልጫ ነበረው፤ የኋላ መብራት ነበረው።

ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ብቻ ስትታወቅ በኖረችበት ዘመን ዋናውን ጎዳና በአመዛኙ ጋሪ፣ አህያና አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይካፈሉት ነበር። ዛሬ የቢራ ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ዩኒቨርሲቲ ተጨምረውባታል፤ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድም ከተማዋን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ በአንድ አስፋልት ላይ ኩበት የጫነ አህያ፣ የፈረስ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ቅጥቅጥ፣ የቢራ ሳጥን የጫነ ተሳቢና ብስክሌት ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ። ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን ደግሞ «አልቃይዳ» ብሎ መሰየሙ የታወቀ ነው። ስያሜው ቀልድ ቢመስልም አንድ ጥብቅ ሕግ ያስረዳል፤ የሾፌር ዓይን በመንገድ ላይ አስቀድሞ የሚፈልገው ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ነው። ለብስክሌት ግን እስካሁን የሚያስፈራ ቅጽል ስም ያወጣለት ሰው ስለሌለ፣ በሾፌሩ አእምሮ ውስጥ ባለው የጠላት መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ያልተመዘገበም አይታይም።

ብስክሌተኛን ለጥቂት የሳተ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል፣ ከሸኖ እስከ ደብረ ሲና ሳይለወጥ፣ «አንተ፣ ከየት መጣህ?» የሚል ነው። ብስክሌተኛው የዋህ ከሆነ «ከጫጫ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ ፍጹም እውነት ቢሆንም ጠቡን ያባብሰዋል፣ መንገደኛም ተሰብስቦ ገላጋይ ይሆናል። ነገሩ በእርጋታ ሲመረመር ግን ጥያቄው ስድብ አይደለም፤ የምስክርነት ቃል ነው። ሾፌሩ ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ከፊቱ ሲጓዝ የነበረውን ሰው በእርግጥም አላየውም፤ ለእርሱ ያ ሰው ከመከላከያው ፊት ለፊት በዚያች ቅጽበት የተፈጠረ ፍጡር ነው።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት የዓይን አሠራር ያስረዳል። የሰው ዓይን ሰፊውን መንገድ በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት ስለማይችል ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው እየዘለለ ያርፋል፤ ጠበብቱ ይህን ዝላይ «ሳካድ» ይሉታል፣ በዝላዩ ቅጽበትም አንጎል ምስሉ እንዳይደበዝዝበት ብሎ እይታውን ለአፍታ ስለሚጋርደው፣ በሁለት ማረፊያዎች መካከል የወደቀ ቀጭን ነገር ሳይታይ ያልፋል። ብስክሌት ደግሞ ከፊትም ከኋላም ሲያዩት ከቀጫጭን ነገሮች ሁሉ ቀጭን ነው። በዚህ ላይ የመኪናው የፊት መስታወት ከበሩ የሚለይበት ቋሚ ብረት አለ፤ ይህ ብረት ለሾፌሩ ቅርብ ስለሆነ ራቅ ብሎ የሚመጣን ብስክሌት ከነጋላቢው ይጋርዳል፣ ከጎን መንገድ የሚወጣ መኪናና ብስክሌተኛው ሊጋጩ በሚችሉበት ፍጥነት እየተቃረቡ ከሆነም ግርዶሹ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ አብሮት ይዘልቃል። ለግጭት የተቀጣጠሩ ሁለት አካላት አንዱ ለሌላው ከቦታው የማይንቀሳቀስ መስሎ የሚታይ መሆኑን መርከበኞች ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ የባጃጅ ሾፌር ግን ባሕር አይቶ አያውቅምና በዚህ ሊወቀስ አይገባውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሾፌሩ ቢያይም እንኳ ሒሳቡ አለ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ሾፌሩ አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን ከነዳጁ ወደ ፍሬኑ እስኪያዛውር አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር አለፈ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ትንሹ መኪና ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል፣ የጫነ ሲኖትራክ ደግሞ ከዚያ በላይ። በአጭር መብራት በምሽት የሚነዳ ሾፌር ጥቁር የለበሰን ሰው የሚለየው በአብዛኛው ከ30 ሜትር ብዙም ሳይርቅ ነው። ለመቆም 45 ሜትር የሚያስፈልገው መኪና በ30 ሜትር ርቀት ያየውን ሰው ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አያስፈልግም።

እንግዲህ የአገሩ ብርድ ወደ ጨዋታው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት አምባ ላይ ማለዳ ብስክሌት የሚጋልብ ሰው ያለውን ሁሉ ደራርቦ ይወጣል። ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራው በርኖስ፣ ማለትም በአንድ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚነሣው ጥቁር ካባ፣ ብርድን በመከላከል ረገድ ወደር የሌለው ልብስ ነው፤ ይሁን እንጂ ብርድን የሚውጠውን ያህል ብርሃንንም ይውጣል፣ ምሽት ላይ በርኖስ የለበሰ ብስክሌተኛም ለሾፌር የሚታየው የሌሊቱ አካል ሆኖ ነው። ነጩ ጋቢ ከበርኖስ እጅግ ይሻላል። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ከርቀት ይለያል፣ ሰፊ ስለሆነም የብስክሌቱን ቅጥነት ይሸፍናል፤ ነገር ግን ጋቢ የራሱ ተንኮል አለው። ጋላቢው ሲቀመጥ ጫፉ ከኮርቻው በስተኋላ ተንጠልጥሎ ፖርቶመጋላውን፣ ማለትም የዕቃ መጫኛውን፣ አልፎ ይወርድና ከፓራፋንጎው ላይ የተሰካችውን ቀይ አንፀባራቂ ድፍን አድርጎ ይሸፍናታል። ፋብሪካው በብስክሌቱ ላይ የሰካት ብቸኛዋ የሌሊት ጠበቃ ጋቢ ተከናንባ ትተኛለች።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር መባል አለበት። ብዙ ሰው ቀይ ሹራብ ከለበሰ ከሁሉም በላይ እንደሚታይ ያምናል፤ በቀትር እምነቱ ስሕተት የለበትም። የቼኩ ሊቅ ያን ፑርኪንዬ ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንዳስተዋለው፣ ብርሃን እየደከመ ሲሄድ ዓይን ለቀይ ያለውን ስሜት አስቀድሞ ስለሚያጣ ቀዩ ይጠቁራል፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆነው ግን በንጽጽር ሲታይ እየፈካ ይቆያል። ስለዚህ በቀን ያማረበት ቀይ ሹራብ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን በርኖስ ይሆናል። የትራፊክ ፖሊሶችና የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት ቢጫ አረንጓዴ ሰደርያ ፍሎረሰንት በሚባል ቀለም የተነከረ ነው፤ ፍሎረሰንት ማለት በዓይን የማይታየውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን የሚለውጥ ቀለም ሲሆን፣ ደመወዙን የሚከፍለው ፀሐይ ስለሆነ ፀሐይ ስትገባ ሥራ ያቆማል። ሌሊት የሚያገለግለው በሰደርያው ላይ የተሰፋው ብርማ ጭረት ነው። ጭረቱ ወልቆ ቢጫው ብቻ የቀረ አሮጌ ሰደርያ ለብሶ በምሽት የሚጋልብ ሰው ጥሩ ሐሳብ ነበረው ከማለት በቀር የሚባልለት የለም።

ፀሐይዋ ራሷም ብትሆን ሁልጊዜ የብስክሌተኛ ወዳጅ አይደለችም። የአዲስ አበባና የደብረ ብርሃን መንገድ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋ ስለሆነ፣ በበጋ ወራት ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚነዳ ሾፌር የምትጠልቀውን ፀሐይ ፊት ለፊት ይጋፈጣታል፤ ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ደግሞ ወደ ምሥራቅና ጥቂት ወደ ደቡብ ስለሚያዘነብል፣ በታኅሣሥ ማለዳ ወደ አንኮበር የሚሄድ ሾፌር ከአፋር በኩል የምትወጣውን ፀሐይ በመስታወቱ ሙሉ ይቀበላታል፣ መስታወቱ አቧራ ከለበሰ ከፊቱ ያለው ዓለም ሁሉ ነጭ መጋረጃ ይሆናል። እዚህ ላይ ለብስክሌተኛ መሣሪያም ገንዘብም የማይጠይቅ አንድ ብልሃት አለ፤ ጥላውን ማየት። ጥላው ረዝሞ ከፊቱ ከተጋደመና ጫፉ ወደ እርሱ ወደሚመጣው መኪና ካመለከተ፣ ፀሐይዋ ከኋላው ናት ማለት ነውና ለእርሱ መንገዱ ሁሉ ወለል ብሎ ሲታየው ሾፌሩ ግን እርሱን አያየውም። የሰው ልጅ ራሱ አጥርቶ ሲያይ ሌላውም አጥርቶ የሚያየው ይመስለዋል፤ በዚህች ሰዓት ይህ ግምት እጅግ አደገኛ ነው። ከዚህም በላይ አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ማታው አዝግሞ አይመጣም፤ ፀሐይ ከገባች ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጨለማ ነው፣ «ሳይመሽ እደርሳለሁ» ብሎ የወጣ ሰውም የሚመሽበት መንገድ ላይ ነው።

ስለ መብራት የሚነገረው ብዙ ነው፤ የሚበራው ግን ጥቂት። ድሮ የነበሩት ብስክሌቶች ዲናሞ ነበራቸው፤ ዲናሞ ከጎማው ጎን ተለጥፎ በጎማው መሽከርከር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ባትሪ የማይፈልግ መሆኑ መልካም ጎኑ፣ ብስክሌቱ ሲቆም አብሮ መጥፋቱ ደግሞ ክፉ ጎኑ ነው። የዛሬው ወጣት ዲናሞውን ትቶ በስልኩ መብራት ይገለገላል፤ ስልኩን በአንድ እጁ ይይዝና በሌላው መሪውን ይቆጣጠራል፣ ሁለቱም እጆቹ ካስፈለጉት ስልኩን በጥርሱ ይነክሳል። ይህ አያያዝ አፍ ስለሚዘጋ ከስድብ ይጠብቃል ከተባለ እንጂ ሌላ ጥቅሙ ብዙ አይደለም፤ የስልኩ ብርሃን ጉድጓዱን ለጋላቢው ያሳያል፣ ከኋላ ለሚመጣው ሲኖትራክ ግን የሚያሳየው ምንም ነገር የለም። ለማየት የሚበራና ለመታየት የሚበራ መብራት የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተደረገው ዓለም አቀፉ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌት ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት የሚያሳይበት መሣሪያና ከኋላው ቀይ አንፀባራቂ እንዲኖረው የሚለው ለዚህ ነው፤ ቀለሙ የተለየው ሾፌሩ ያ ነገር እየመጣ ወይም እየሄደ መሆኑን በአንድ እይታ እንዲያውቅ ነው።

አንፀባራቂ ሲባል መስታወት ማለት አይደለም። መስታወት ብርሃንን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውራል፤ አንፀባራቂ ግን በውስጡ በተደረደሩ ጥቃቅን ማዕዘኖች ወይም የብርጭቆ እንክብሎች አማካይነት ብርሃኑን ወደመጣበት፣ ማለትም ወደ መኪናው መብራትና ከመብራቱ ከፍ ብሎ ወደተቀመጠው ሾፌር ዓይን፣ መልሶ ይልካል። በብስክሌቱ ኋላ አሮጌ ሲዲ የሚያንጠለጥል ሰው ያማረ ጌጥ አገኘ እንጂ አንፀባራቂ አላገኘም፤ ሲዲው የመኪናውን ብርሃን ተቀብሎ ለሜዳው በጎች ያከፋፍለዋል። እውነተኛው አንፀባራቂ ጭቃ ካልሸፈነው ከመቶ ሜትር በላይ ርቀት ይታያል። ከሁሉም የሚበልጡት ደግሞ ብዙ ሰው ቁም ነገር አድርጎ የማያያቸው የፔዳል አንፀባራቂዎች ናቸው። የስዊድኑ የሥነ ልቦና ሊቅ ጉናር ዮሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት በጨለማ ውስጥ በሰው መገጣጠሚያዎች ላይ የተደረጉ ጥቂት የብርሃን ነጠብጣቦች ሲንቀሳቀሱ ተመልካቹ ወዲያው ሰው መሆኑን እንደሚለይ አሳይቷል፤ ነጠብጣቦቹ ሲቆሙ ግን ምንነታቸው ይጠፋል። ወደላይና ወደታች የምትመላለስ ቢጫ ነጥብም ለሾፌሩ አንጎል «ይህ የመንገድ ምልክት አይደለም፣ እግር ያለው ሰው ነው» ብላ ትነግረዋለች። በአገራችን ፔዳል ሲሰበር በምትኩ የሚገባው ባዶ ብረት መሆኑ፣ አንዳንዴም ጫማው ራሱ በቀረችው ምሶሶ ላይ የሚያርፍ መሆኑ ያሳዝናል።

ወደ አንኮበር የሚወርድ ሰው ደግሞ ጉም ይጠብቀዋል። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚናድበት አፋፍ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከታች የሚነሣው እርጥብ አየር አፋፉን ሲወጣ ቀዝቅዞ ጉም ይሆንና መንገዱን ይደፍነዋል። በጉም ውስጥ አንፀባራቂ ይደክማል፤ የመኪናው ብርሃን ጉሙን ሄዶም ተመልሶም ሁለት ጊዜ ማቋረጥ ስላለበት አብዛኛው መንገድ ላይ ይበተናል። ከብስክሌቱ የሚነሣ መብራት ግን የሚያቋርጠው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ በዚህ ስፍራ ከአንፀባራቂ ይልቅ ትንሿ ቀይ ባትሪ ትመረጣለች። ሾፌሩም ረጅም መብራት ባበራ ቁጥር የጉሙን ግድግዳ ለራሱ እያነጣ ነውና አጭሩን ማብራት ይገባዋል፤ ይህን ምክር የሚያውቀው ሾፌር ብዙ ነው፣ የሚፈጽመው ከገደሉ አፋፍ ሲደርስ ቢሆንም።

አንኮበር ከተነሣች ዘንድ ስለ ታይታ የቀረበው ሐሳብ መታረም አለበት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ ሊዋዋል በመጣበት ጊዜ፣ አንኮበር የሸዋ መናገሻ ነበረች፤ በዚያ ዘመን መንገድ የወጣ መኮንን ሳይታይ የሚያልፍበት ምንም ዓይነት ዕድል አልነበረም። በቅሎው ባጌጠ ዕቃ ተሸልማ፣ ጥላ ተዘርግቶ፣ አሽከር ከፊት እየሮጠ፣ ማዕረጉ የሚፈቅድለትም እምቢልታ እየተነፋ ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር የሚያልፈው። ባላገሩ ከሩቅ ሰምቶ መንገድ ይለቅ ነበር። ስለዚህ ታይታ ነውር የነበረው ለሁሉም አልነበረም፤ መታየት የጌታ፣ ዳር መያዝ የተራው ሰው ድርሻ ሆኖ ተከፋፍሎ ነበር። ዛሬ መኳንንቱ የሉም፣ ክፍፍሉ ግን አስፋልቱ ላይ ተርፏል፤ ጥሩምባውን፣ ፓውዛውንና በጎኑ የተደረደረውን ባለቀለም መብራት ሲኖትራኩ ወርሶታል፣ ዳር መያዙ የብስክሌተኛው ሆኗል። አንዲት የመሪ ደወል እንኳ ያላት ብስክሌት ስንት ናት?

ዳር መያዝ የሚለው ምግባር በተለይ ሊመረመር ይገባዋል። ጨዋው ብስክሌተኛ ለመኪና መንገድ ልተው ብሎ የአስፋልቱን ጠርዝ ይይዛል፤ ጠርዙ የተሸረሸረ፣ ኮረት የፈሰሰበት፣ አንዳንዴም ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ሰውየው በየደቂቃው ጉድጓድ ሽሽት ሳያስበው ወደ መሐል ይገባል። ሾፌሩ በበኩሉ ከዳር ያለው ነገር ዓይኑ በሚያተኩርበት የእይታ መስክ ውስጥ ስለማይገባ፣ ቢያየውም «ያሳልፈኛል» ብሎ መሪውን ሳያዞር ይቀጥላል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ቀጥ ባለ መስመር የሚሄድ ብስክሌተኛ ግን ሾፌሩን እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ ወይ ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይ ፍሬቻ አሳይቶ በወጉ ያልፋል፣ ክላክሱን ቢያጮህም ያየ ሰው ነው የሚያጮኸው። ክላክስ የተነፋበት ብስክሌተኛ መቆጣት የለበትም፤ መታየቱ በአደባባይ ተረጋግጦለታል። ሌላው ስሕተት ደግሞ ለእግረኛ የተሰጠውን ምክር ለብስክሌት ማዋል ነው። እግረኛ ግራውን ይዞ የሚመጣበትን መኪና እያየ እንዲሄድ ይመከራል፤ ብስክሌት ግን ተሽከርካሪ ነውና፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስለተሻገረች፣ ቦታው ከመኪኖቹ ጋር በቀኝ ነው። በግራ የሚመጣን ብስክሌት ከጎን መንገድ የሚወጣ ሾፌር በዚያ አቅጣጫ ስለማይጠብቀው ጨርሶ አያየውም።

ከምግባሮቹ ሁሉ ለመተው የሚያስቸግረው ዓይን መስበር ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ለብስክሌተኛ የሚሰጠው ምክር ሾፌሩን በዓይኑ ይፈልገው፣ ዓይን ለዓይን እስኪገናኙም አይለፍ የሚል ነው። ይሁን እንጂ ሾፌሩ ሽበት ያለው አባወራ ከሆነ ወጣቱ እንዴት ያፈጥበታል? በተግባር የሚሆነው ወጣቱ እጁን አንሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» ማለቱ ነው፤ ጎንበስ ሲል መሪው ይዋልላል፣ ጋሼም ሰላምታውን ለመመለስ እጃቸውን ከመሪያቸው ያነሣሉ፣ ሁለት ጨዋ ሰዎችም እየተከባበሩ ሊጋጩ ይደርሳሉ። ሰላምታው ግን ክፉ አይደለም፤ ሰላምታ የመለሰ ሾፌር አይቷል ማለት ነው። ቆም ተብሎ፣ እግር መሬት ረግጦ ከተደረገ ከማናቸውም አንፀባራቂ የተሻለ ዋስትና ይሰጣል።

ዳገት ሲያጋጥመው የከባድ መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ጎረምሳ ከጨዋዎቹ ወገን የሚቆጠር ባይሆንም ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም፤ በዚያ ቦታ ከፊት ላለው ሾፌር ስፖኪዮው አያሳየውም፣ ከኋላ ለሚመጣውም የጭነቱ አካል ይመስላል። በውድድር ላይ ብስክሌተኞች አንዱ ከሌላው ኋላ እየተደበቁ ነፋስ ይሸሻሉ ተብሎ ይህ ልማድ ሊጸድቅ አይችልም። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ ሲጋልቡም ሆነ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን መንገዱ ለተወዳዳሪዎቹ ተዘግቶ ነበር፤ የጣርማ በር ዳገት ግን ለማንም አይዘጋም።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «ሾፌሩ አያይምና ብስክሌተኛው ለምን ይቀጣል?» ቢል ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በብሪታንያ የብስክሌተኞች ማኅበር የኋላ መብራት ግዴታ እንዳይሆን ሲሟገት ያቀረበው ክርክር ይኸው ነበር፤ ከኋላ የሚመጣ ሾፌር ከፊቱ ያለውን ማየት የራሱ ግዴታ ነው፣ መብራት ካሰርን ጥፋቱ ወደ እኛ ይዞራል የሚል። ክርክሩ በመርህ ደረጃ ዛሬም ሊረታ የሚችል አይመስልም። ሆኖም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ከተሞች በጨለማ እንዲዋጡ፣ የመኪና መብራትም እንዲሸፈን ሲታዘዝ በመንገድ ላይ የሚሞተው ሰው በዛ፤ ብስክሌቶችም የኋላ መብራት አደረጉ፣ የኋላ ፓራፋንጎአቸውም ነጭ ተቀባ። መርሁ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን መርህ በመንገድ ላይ የሚመሰክረው ከአደጋው በኋላ ሲሆን መብራት የሚመሰክረው ከአደጋው በፊት ነው። ዋናው ኃላፊነት ሁለት ቶንም ሆነ ሠላሳ ቶን ይዞ የሚከንፈው ሰው ነው፣ ይህም ሊድበሰበስ አይገባውም፤ የከተማ አስተዳደሮችም በአዲስ አበባ እንደተጀመረው ለብስክሌት የተለየ መስመር የመሥራት ዕዳ አለባቸው። መስመሩ ከደብረ ብርሃን እስከ ጫጫ እስኪዘረጋ ድረስ ግን በየማታው ከፈረቃ የሚወጣ ሠራተኛና ከማታ ትምህርት የሚመለስ ተማሪ አለ።

ለእነዚህ ሰዎች የሚበጀው ውድ ነገር አይደለም። የጎሚስታ ቤት ባለሙያ ጎማ ሲለጥፍ ፓራፋንጎውን ነጭ ቢቀባው ጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል፣ አንፀባራቂዋን በጠዋት በጨርቅ መጥረግም ከጫማ መጥረግ አይከብድም። ከሁሉ የሚበልጠው አቤቱታ ግን ለሸማኔዎች የሚቀርብ ነው። የመኪና መብራትን የሚመልስ ክር በዓለም ገበያ ላይ አለ፣ ለሥራ ልብስም ይውላል፤ ይህን ክር ከጋቢው ጥለት ጋር አብሮ መሸመን የአገሩን ልብስ አያበላሽም፣ ቀን ላይም ግራጫ መስሎ ስለሚውል ማንንም አያሳማም። ሸማኔው ሊጠነቀቅለት የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ያ ጥለት የሚያስፈልገው ከኮርቻው በስተኋላ በሚንጠለጠለው ጫፍ ላይ ነው እንጂ በደረት በኩል አይደለም፣ ሲኖትራኩ የሚመጣው ከኋላ በኩል ነውና።